ለተማሪው ሙዚቃ ማን ይቁምለት?

በአንድ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ መጽሐፍ ታቅፎ የሚሄድ ወጣት ቢታይ ማንም ዘወር ብሎ አይመለከተውም። ክራሩን በትከሻው አንጠልጥሎ የሚሄደው ግን ሳይጠየቅ አያልፍም። አንዱ «ፈተና አልደረሰም ወይ?» ይለዋል፤ ሌላው «ዛሬ ደግሞ የማን ሠርግ ነው?» ይለዋል። ጥያቄው በቀልድ መልክ ይምጣ እንጂ ከበስተኋላው ያለው አሳብ ቀልድ አይደለም። ይኸውም ሙዚቃ ለተማሪ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ነው፤ ትርፍ ጊዜ የሌለው ተማሪ ሊተወው ይገባል፤ ትምህርት ቤቱም ስለ እርሱ ብሎ ክፍል መክፈት ወይም ገንዘብ ማውጣት አይገባውም የሚል አሳብ ነው።

በዛሬው ጽሑፋችን ልናነሣ የፈለግነው ይህንኑ ነው። ሙዚቀኛ ለመሆን ስለሚማረው ሰው አይደለም የምንናገረው፤ እርሱስ የራሱ ትምህርት ቤት አለው። የምንናገረው ሕግ ወይም ሕክምና ወይም የሂሳብ አያያዝ እየተማረ ዋሽንቱንም ለመጣል ስለማይፈልገው ተማሪ ነው። እንዲህ ያለው ተማሪ በየግቢው አለ፤ ቁጥሩም ሰዎች ከሚገምቱት ይበዛል።

በአገራችን ሙዚቃ ሁለት ዓይነት ፊት ሲታይበት እንደ ኖረ አንባቢያችን ያውቃል። በገና የመኳንንትና የካህናት መሣሪያ ስለ ነበረ የሚደረድረው ሰው ይከበር ነበር። ማሲንቆ የያዘው አዝማሪ ግን በግብዣው ላይ ተፈልጎ፥ ግብዣው ሲያልቅ ይናቅ ነበር። ልጁን ትምህርት ቤት የላከ አባት «ልጄ አዝማሪ ሆነብኝ» እንዳይል የሚፈራው ከዚህ የተነሣ ነው። ፍርሃቱ ከአባቶች ወደ ሹማምንት፥ ከሹማምንትም ወደ ደንብ የተሻገረ ይመስለናል።

ነገሩን ከውጭ አገር ምሳሌ መጀመር ይቀል ነበር፤ ዳሩ ግን ከቤታችን ብንጀምር ይሻላል። ተማሪ ዜማ ይማር ዘንድ ቦታና እንጀራ መስጠትን የተማርነው ከፈረንጅ አይደለም። በስድስተኛው መቶ ዓመት ከነበረው ከቅዱስ ያሬድ ጀምሮ የሚቆጠረው የዜማ ትምህርት ብዙ ዓመት የሚፈጅ ነው። ተማሪው ከጾመ ድጓ ወደ ድጓ ይሻገራል፤ ለድጓው ማስመስከሪያ ጋይንት ወደ ቤተልሔም ይወርዳል፤ ዝማሬና መዋሥዕት የሚፈልገው ዙር አባ ይሄዳል፤ አቋቋም የሚፈልገው ጎንደር ይገባል። ግዕዝ፥ ዕዝልና አራራይ የሚባሉትን ሦስቱን ስልት ለይቶ ማወቅ የጥቂት ወራት ሥራ አይደለም። በድጓው ቃላት ላይ በትንንሽ ፊደል የሚጻፈውን ምልክት በ16ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ያደላደሉት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው ይባላል፤ ይህንንም ምልክት ተማሪው በዓይኑ አይቶ ብቻ አያውቀውም፤ ሌላው አፍ ሲያዜመው ሰምቶ መድገም አለበት።

ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ተማሪውን የሚመግበው ማን ነበር? አገሬው ነበር። የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን ይዞ በየደጁ ይለምናል፤ ባለ ቤቷ ካላት ትሰጠዋለች፤ ማደሪያ ጎጆውን በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ይቀልሳል። የኔታ ለሁሉ ስለማይደርሱ ከፍ ያለው ተማሪ አስቀጻይ ሆኖ ታናናሾቹን ያለማምዳል። እንግዲህ ይህን ዛሬ በጽሕፈት ቤት ቋንቋ ብንጽፈው መምህር አለ፥ ረዳት መምህር አለ፥ ማደሪያ አለ፥ ቀለብ አለ፥ መለማመጃ ቦታ አለ። ያጣው ነገር ቢኖር የበጀት መደብ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ያቺን ቁራሽ የሰጠች ሴት ስለ ባህል ጥበቃ ንግግር አልሰማችም፤ ተማሪ ይማር ዘንድ መብላት እንዳለበት ግን ታውቅ ነበር።

ዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርት በአገራችን የተጀመረው በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት ነው። (ከውጭ አገሩ ታሪክ ጋር ለማመሳከር እንዲመች ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን።) ካናዳዊው ሉሲየን ማት የመጀመሪያው ርእሰ መምህር ሆኑ፤ መምህራኑ አብዛኞቹ ከውጭ የመጡ ነበሩ፤ ትምህርቱም በእንግሊዝኛ ይሰጥ ነበር። ኮሌጁ ከዜማ ቤቱ የወረሰው ነገር ቢኖር ምናልባት የግጥም ፍቅሩን ነው። በኮሌጅ ቀን ተማሪዎች በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ሳይቀር ቅኔያቸውን ያሰሙ ነበር፤ በ1961 ታምሩ ፈይሳ ያሰማው «ደሀው ይናገራል» እስከ ዛሬ ስሙ ይነሣል። ግጥም ድጋፍ ሳያገኝም ይኖራል፤ ወረቀትና እርሳስ ካለው አልጋው ላይ ተኝቶም ይጻፋል፤ ተባዝቶም ይተርፋል። ሙዚቃ ግን እንዲህ አይደለም። ድምፅ ስላለው ቦታ ይፈልጋል፤ ጎረቤትም ያስቀይማል። አንድ ኮሌጅ ለግጥም ዝም ማለቱ ብቻ እርዳታ ሊሆን ይችላል፤ ለሙዚቃ ዝም ማለቱ ግን መከልከሉ ነው።

በ1961 ኮሌጁና ሌሎቹ ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች ተጠቃለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆኑ፤ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥትም ለዩኒቨርሲቲው ተሰጠ። በሁለት ዓመቱ በ1963 በዩኒቨርሲቲው የኪነ ጥበባት ማዕከል ተቋቋመ። በዚያው ዓመት የሆነውን ሌላውን ነገር ትንሽ ረዘም አድርገን ልንናገረው እንወዳለን፤ የዩኒቨርሲቲ እጅ ለሙዚቃ ምን ሊያደርግ እንደሚችል በግልጽ ያሳያልና።

ሐሊም ኤል ዳብህ የሚባል በ1921 በካይሮ የተወለደ የሙዚቃ ደራሲ ነበር። በ1944 በሽቦ ላይ ድምፅ በሚቀዳ መኪና የሰዎችን ዜማ ቀድቶ፥ ድምፁን እየለዋወጠ አዲስ ሥራ በማድረጉ በኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ቀዳሚ ከሚባሉት ሰዎች አንዱ ነው። በኋላም አሜሪካ ሄዶ ተምሯል፤ ለታዋቂዋ የዳንስ ባለሙያ ለማርታ ግራሃምም ሙዚቃ ደርሷል። ይህ ሰው በ1962 አዲስ አበባ መጥቶ በዩኒቨርሲቲው ሲያስተምር የፒያኖ ተማሪ ፍለጋ ብቻ አልዞረም። ከልዩ ልዩ ክፍላተ ሀገር ባህላዊ መሣሪያ የሚጫወቱ ባለሙያዎችን ሰብስቦ በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ።

ነገሩ በቃል ሲነገር ይቀላል። በሥራ ግን እንዴት ያለ ጣጣ እንደ ነበረበት ለመረዳት መሣሪያዎቹን ማወቅ ያስፈልጋል። ክራር የሚጫወት ሰው ክሮቹን እንደ ዘፋኙ ድምፅ ከፍና ዝቅ አድርጎ ይቃኛል፤ ከትዝታ ወደ ባቲ፥ ከአምባሰል ወደ አንቺ ሆዬ ለመሄድም ቅኝቱን ይለውጣል። ዋሽንት ግን አንድ ጊዜ ከተበሳ በኋላ መቃኛ የለውም፤ ስለዚህ ዋሽንተኛው ቁመታቸው የተለያየ ብዙ ዋሽንቶች ይዞ ይዞራል። በገና በአሥሩ ክሮቹ ላይ የሚንዘረዘረው ድምፁ ለብቻው ሲሆን ጽሞና ያመጣል፤ ከበሮ አጠገቡ ሲመታ ግን ይዋጣል። እምቢልታ ጣት የሚያርፍበት ቀዳዳ ስለሌለው አንዱ እምቢልታ አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ዜማው የሚገኘው ሦስት ሰዎች እየተቀባበሉ ሲነፉ ነው። ከጋምቤላ የሚመጣው በጣት የሚጫወቱት ቶም ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። እነዚህን ሁሉ የያዙ፥ በጆሮ እንጂ በኖታ ያልተማሩ፥ በቋንቋም የማይግባቡ ሰዎች በአንድ ክፍል ተቀምጠው አንድ ዜማ እንዲጫወቱ ማድረግ በአንድ ሳምንት የሚሆን ነገር አይደለም። ትዕግሥት የሚጠይቅ፥ ቲኬትም የማያሸጥ ልምምድ ያስፈልገዋል። የሠርግ ቤት ይህን ጊዜ አይሰጥም፤ የመሸታ ቤትም አይሰጥም። ዩኒቨርሲቲ ግን ሊሰጥ ይችላል፤ ጊዜ መስጠት ሥራው ነውና።

ሐሊም በ1964 ሲሄድ አሜሪካዊው ጆን ኮ ተተካ፤ ከ1966 ጀምሮ ደግሞ ተስፋዬ ለማ ያዘው። የሰላም ጓድ ሆኖ የመጣው ቻርልስ ሰተን ከጌታመሳይ አበበ ማሲንቆ ተምሮ ከነርሱ ጋር ተጫውቷል፤ በ1969 ቡድኑ ዓባይ በሚል ስም በአሜሪካ እየተዘዋወረ ሙዚቃውን አሰምቷል። በ1975 ኦርኬስትራው ተበተነ። ተስፋዬ ለማ በስደት ቆይቶ በ2013 ዐረፈ። የቡድኑ ሥራዎች ግን በ2007 ኢትዮፒክስ በሚባለው ተከታታይ እትም 23ኛው ሆነው እንደገና ወጥተዋል፤ ያልሰማ ቢሰማቸው አይጸጸትም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንሸፍን መናገር ይገባናል። የኦርኬስትራው ተጫዋቾች በአብዛኛው ባለሙያዎች እንጂ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አልነበሩም። ተማሪው በመስኮት የሚሰማው ሙዚቃና ራሱ የሚጫወተው ሙዚቃ አንድ አይደለም። በዚያው በ1963 በአሜሪካ ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማረው አሸናፊ ከበደ ኋላ ያሬድ የተባለውን የሙዚቃ ትምህርት ቤት መምራት ጀመረ፤ ትምህርት ቤቱም ከብዙ ዓመት በኋላ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተጣመረ። ለአገሪቱ ሙዚቃ ትልቅ ዕርምጃ ነው፤ ፒያኒስቱ ግርማ ይፍራሸዋ ከዚያ ወጥቶ ሶፊያ የደረሰ ነው። ዳሩ ግን ሙዚቃ የራሱ ትምህርት ቤት ባገኘ ጊዜ ሌላው ግቢ «እንግዲህ ከእኛ ወርዷል» ብሎ እጁን የታጠበ ይመስላል። የመጽሐፍ ቤት ባለሙያዎችን የሚያሠለጥን ትምህርት ክፍል አለ ተብሎ በሌላው ግቢ መጽሐፍ ቤት አይዘጋም።

ስለ በገናው ዓለሙ አጋ እናንሣ። ዓለሙ በ1950 ተወልዶ በልጅነቱ በገናን ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ተማረ፤ በዩኒቨርሲቲ ያጠናው ግን ጂኦግራፊ ነው። በ1972 ሲንሲያ ኪምበርሊን የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ድምፁን ቀዳች፤ ቅጂውም በዩኔስኮ የሙዚቃ ስብስብ ውስጥ ወጣ። ከዚያው ዓመት ጀምሮ እስከ 1980 ድረስ በያሬድ ትምህርት ቤት በገና አስተማረ። በደርግ ዘመን በገና የቤተ ክህነት መሣሪያ ነው ተብሎ ከራዲዮም ከትምህርት ቤትም ራቀ። ዛሬ በአዲስ አበባ በገና የሚማረው ወጣት ብዙ ነው፤ ይህም የሆነው መሣሪያውን በየቤታቸው ይዘው የቆዩ ጥቂት ሰዎች ስለ ነበሩ ነው። ከነዚህ አንዱ የጂኦግራፊ ተማሪ የነበረ ሰው ነው። በወጣትነቱ አንድ ብልህ አማካሪ «ካርታህን ወይም በገናህን ምረጥ» ብሎት ቢሆን ኖሮ ምን እንደምናጣ አንባቢ ያስላው።

ወደ ውጭ አገር ስንመለከት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በካምብሪጅ ያለው ኪንግስ ኮሌጅ ነው። ኮሌጁ በ1441 ተመሠረተ፤ ከልጆቹ ጋር በመዘምራኑ ውስጥ የሚያዜሙት ወጣቶች ታሪክም ሆነ ፊዚክስ የሚማሩ ተማሪዎች ናቸው። ኦርጋኑን የሚመታውም ተማሪ ነው። ከ1918 ጀምሮ በልደት ዋዜማ የሚያሰሙትን ዝማሬ ከ1928 ወዲህ ራዲዮ ለዓለም አሰራጭቶታል። ይህ መልካም ምሳሌ ነው፤ ነገር ግን ከንጉሥ መሬትና ሀብት የተሰጠው ኮሌጅ ያደረገውን ለእኛ ማሳየት ባለ ጠጋን ለድኻ እንደ ማሳየት ይሆናል።

ይልቅ የፊስክ ነገር ይበልጥ ይነካናል። ፊስክ በአሜሪካ በናሽቪል ከተማ በ1866 ከባርነት ለወጡ ጥቁሮች የተከፈተ ትምህርት ቤት ነበር። በጥቂት ዓመት ዕዳ አጎበጠው፤ ሕንፃው የቀድሞ የጦር ሠራዊት ቤት ነበረና እየፈረሰ ሄደ። የገንዘብ ያዡ ጆርጅ ዋይት ሙዚቃም ያስተምር ነበርና በ1871 ዘጠኝ ተማሪዎች ይዞ ለማዜም ወጣ። ልብሳቸው የሳሳ፥ የሚያድሩበትም ሆቴል ቀለማቸውን አይቶ የሚከለክላቸው ልጆች ነበሩ። በመጀመሪያ ሕዝቡ የለመደውን ዜማ አዜሙ፤ ኋላ ግን ወላጆቻቸው በባርነት ሳሉ ያዜሙት የነበረውን መዝሙር ሲያሰሙ የሰሚው ልብ ተነካ። በ1873 እንግሊዝ አገር ተሻግረው በንግሥት ቪክቶሪያ ፊት አዜሙ። ባመጡት ገንዘብ የተሠራው ጁቢሊ አዳራሽ በ1876 ተመረቀ፤ እስከ ዛሬም ቆሟል። በዚህ ታሪክ ኮሌጁ ሙዚቃውን ረዳ ወይስ ሙዚቃው ኮሌጁን ረዳ? ጆርጅ ዋይት የሂሳብ መዝገብ የሚይዝ ሰው መሆኑንም ልብ ይሏል፤ የገንዘብ ያዥ ሁሉ የሙዚቃ ጠላት አይደለም።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው የጋና ነው። ኤፍሬም አሙ የሚባል መምህር በአክሮፖንግ የመምህራን ማሠልጠኛ ሲያስተምር በአገሩ ልብስ ስለ ሰበከና የአገሩን የሙዚቃ መሣሪያና ዜማ ስላስገባ በ1933 ከሥራው ተሰናበተ። አቺሞታ ኮሌጅ ተቀበለው፤ እዚያም ተማሪዎችን ዜማና ዋሽንት አስተማረ። በ1948 የጎልድ ኮስት ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከፈተ፤ በ1952 ክዋቤና ንኬቲያ የሚባለውን ወጣት የአገሩን ዜማ እንዲያጠና ቀጠረው። ያ ኮሌጅ በ1961፥ ማለት የእኛው ዩኒቨርሲቲ በቆመበት ዓመት፥ ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ በማግሥቱም ዓመት የሙዚቃና የድራማ ትምህርት ቤት ከፈተ። ከአክሮፖንግ የተባረረው ሽማግሌ አሙም በዩኒቨርሲቲው እንዲያስተምር ተጠራ። ዕድሜው ልክ ነበረና ገና ሠላሳ ዓመት ያህል ኖሮ በ1995 ዐረፈ።

ወደ ራሳችን እንመለስ። ዛሬ ዩኒቨርሲቲዎቻችን በአሥሮች የሚቆጠሩ ሆነዋል፤ ተማሪውም ብዙውን ጊዜ ከተወለደበት ሩቅ አገር ይመደባል። ከዶርዜ ልጅ ወጥቶ ጎንደር ሊማር ይችላል። ዶርዜዎች ድምፅ በድምፅ ላይ እየደራረቡ በብዙ ድምፅ በማዜም የታወቁ ናቸው፤ ይህ ደግሞ ብቻውን የሚሆን ነገር አይደለም። እምቢልታ የሚነፋውም ልጅ ሁለት ባልንጀሮች ያስፈልጉታል። አራትና አምስት ዓመት ተለያይተው ሲቆዩ ዜማው በአፋቸው ላይ ይደርቃል። ልጁ ዲግሪውን ይዞ ሲመለስ አንድ ነገር ጥሎ እንደ መጣ የሚነግረው ሰው የለም፤ የውጤት ወረቀቱ ላይ አይጻፍምና።

ሙዚቃ ጠብን ያበርዳል ብለን ልንሰብክ አልተነሣንም። በ2019 መጨረሻ በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች በተማሪዎች መካከል በተነሣ ግጭት የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ ብዙ ወላጅም ልጁን ወደ ቤቱ ጠርቷል። በዚያን ጊዜ ዘፈን ዕርቅ ሲያወርድ አላየንም፤ እንዲያውም የጠብ መጫሪያ የሚሆን ዘፈን እንዳለ ማንም ያውቃል። ነገር ግን ሦስት ሰዓት ሙሉ ቅኝታቸውን ለማስማማት የተከራከሩ ሁለት ልጆች ስማቸውን ይተዋወቃሉ፤ በአንድ ሕንፃ ተኝተው ስማቸውን ሳይተዋወቁ የሚመረቁ ስንት ናቸው!

በየግቢው የሚደረገው እርዳታ በአብዛኛው እንዲህ ነው። እንግዳ ይመጣል፤ ወይም የምረቃ በዓል ይደርሳል። የተማሪዎች ጽሕፈት ቤት «የባህል ቡድኑ ይዘጋጅ» ብሎ ደብዳቤ ይጽፋል። አንድ ዓይነት ልብስ ይሰፋል፤ ልብሱም ከሙዚቃው ይልቅ ብዙ ገንዘብ ይወስዳል። ልጆቹ ከየብሔረሰቡ አንድ አንድ ደቂቃ ይዘፍናሉ፤ እንግዳው ያጨበጭባል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል። በማግሥቱ ልብሱ ዕቃ ግምጃ ቤት ይገባል፤ ቁልፉም ለሚመጣው ዓመት ይቀመጣል። ይህ ሙዚቃን መርዳት ሳይሆን በሙዚቃ መረዳት ነው፤ ክፋት ባይኖረውም ስሙን ለይቶ መጥራት ደግ ነው።

እኛ ተማሪዎች ሳለን በምናድርበት ሕንፃ ክራር የሚጫወት የሕክምና ተማሪ ነበረ። በክፍሉ እንዳይጫወት የተኙ ባልንጀሮቹን ይፈራል፤ በአዳራሹ እንዳይጫወት ፈቃድ ያሻዋል፤ ፈቃዱ ሦስት ፊርማ አለው። ስለዚህ ክራሩን ይዞ ልብስ ማጠቢያው ጋ ይሄድ ነበር፤ ውሃው ሲፈስ ድምፁን ስለሚሸፍንለት ነው። ውሃ በጠፋ ቀን (እርሱም ብዙ ጊዜ ነው) አይጫወትም። ይህ ልጅ የሚፈልገው ኮንሰርቫቶር አልነበረም። በር የሚዘጋ አንድ ክፍል ቢያገኝ በቃው ነበር።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ክፍል ነው። ማታ ባዶ የሚያድር የመማሪያ ክፍል በማንኛውም ግቢ አይጠፋም፤ ከመኝታ ቤቱ የራቀውን መርጦ ከምሽቱ አሥራ ሁለት እስከ ሦስት ሰዓት መክፈት ምንም ወጪ የለበትም። ቀጥሎ ዕቃው ነው። እዚህ ላይ የወጣት ሹማምንት አንባቢዎቻችንን ትዕግሥት እንለምናለን። የግዢ ደንብ ሦስት የዋጋ ማቅረቢያ ይፈልጋል፤ የግብር ከፋይ ቁጥር ይፈልጋል፤ ማኅተም ይፈልጋል። ማሲንቆ የሚሠራው ሰው ግን የፈረስ ጭራ፥ ቆዳና እንጨት እንጂ ማኅተም የለውም። ስለዚህ ደንቡን አክብሮ የሚሠራው ግዢ ክፍል ማኅተም ካለው ሱቅ የኤሌክትሪክ ኪቦርድ ይገዛል፤ ኪቦርዱም በሁለተኛው ዓመት ይበላሽና በንብረት መዝገብ ላይ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ይኖራል። በደንቡ ውስጥ ለአነስተኛ ግዢ የተተወ በር አለ፤ ክራር በዚያ በር ይገባል። የሚያስፈልገው በሩ መኖሩን የሚያውቅና ለመፈረም የማይፈራ አንድ ሹም ነው።

የተገዛውም ዕቃ ምቾት ይፈልጋል። ከበሮና ማሲንቆ ቆዳቸው በክረምት እርጥበት ይላላል፤ በእርጥብ ግምጃ ቤት ወለል ላይ ከወደቁ ይሻግታሉ። የክራር ክር ይበጠሳል። እነዚህ ሁሉ የሚጠገኑት በትንሽ ገንዘብ ነው፤ ነገር ግን ትንሽ ገንዘብ ከትልቅ ገንዘብ ይልቅ ለማውጣት እንደሚያስቸግር በመሥሪያ ቤት የሠራ ሁሉ ይመሰክራል።

መምህርን በሚመለከት በከተማው ያለውን አዝማሪ በሳምንት ሁለት ቀን በሰዓት ሂሳብ መጥራት ይቻላል። «ዲግሪ አለው ወይ?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ እናውቃለን። ሐሊም ኤል ዳብህ ኦርኬስትራውን ሲሰበስብ ይህን ጥያቄ ቢጠይቅ ኖሮ ባዶ ክፍል ይዞ ይቀመጥ ነበር። አዝማሪውም በፊናው ከሕክምናውና ከኢንጂኒሪንጉ ተማሪ የሚያገኘው አይጠፋም። ሙላቱ አስታጥቄ በ2007ና በ2008 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተጋብዞ በቆየበት ጊዜ ክራርን ለአዲስ ሙዚቃ እንዲመች አድርጎ ማሻሻልን አንዱ ሥራው አድርጎት ነበር። የክራር ክር ለምን ቶሎ ቅኝቱን እንደሚለቅ፥ ከብረትና ከናይሎን የትኛው እንደሚሻል መመርመር ለእኛም የኢንጂኒሪንግ ተማሪዎች የሚያሳፍር የመመረቂያ ሥራ አይመስለንም። እንጨቱም ቆዳውም በአገር ውስጥ ነው።

በግቢው የሚጫወቱትንም መቅዳት ያስፈልጋል። ዛሬ በኪስ ያለው ስልክ ሐሊም በ1944 ከተዋሰው የሽቦ መኪና እጅግ የተሻለ ድምፅ ይይዛል። ሆኖም የተቀዳው በየስልኩ ይቀርና ስልኩ ሲጠፋ ይጠፋል። መጽሐፍ ቤቱ አንድ መደርደሪያ የሚያህል ቦታ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ሰጥቶ የተጫዋቹን ስም፥ የመጣበትን ወረዳ፥ የዜማውን ስምና ቀኑን ቢመዘግብ፥ ከአሥር ዓመት በኋላ ተመራማሪው ሁሉ የሚሻው ነገር ይሆን ነበር። ለዚህ የሚያስፈልገው ሠራተኛ አዲስ አይደለም፤ የመመረቂያ ጽሑፎችን የሚመዘግበው ያው ሰው ነው።

ይህን ሁሉ ለማን እንደምናመለክት አንድ የተማሪዎች ዲን ባለፈው ሰሞን ጠይቀውን ነበር። የሙዚቃ ክፍል ያለበት ግቢ ወደ ኪነ ጥበቡ ይመራል፤ የባህል ማዕከል ያለበት ወደ ማዕከሉ ይመራል፤ ሁለቱም የሌለበት ወደ ስፖርት ክፍል ይመራል። ስፖርት ክፍል የተመራለት የከበሮ ግዢ ጥያቄ ምን ሆነ ብንላቸው፥ ኳስ እንደ ተገዛበት እየሳቁ ነገሩን። እኛም ለስፖርት ክፍሉ አንፈርድበትም፤ ደብዳቤው የተጻፈው «ለተማሪዎች መዝናኛ ዕቃ» ተብሎ ነበርና። በሚቀጥለው ጊዜ «ከበሮ፥ ሁለት» ተብሎ እንዲጻፍ ነግረናቸው ተለያየን።